በቀን አሥር ደቂቃ፦ የመጻፍ ልማድ እንዴት ይገነባል?

በዛሬው ዝግጅታችን ትንሽ ስለሚመስል፣ ግን ብዙ ስለሚሠራ አንድ ጉዳይ እንጨዋወታለን። ጉዳዩ በየቀኑ የመጻፍ ልማድ ነው።

እስቲ አንድ የምታውቁትን ነገር ላስታውሳችሁ። መምህሩ ክፍል ይገቡና «ስለ አካባቢያችሁ አንድ ገጽ ጻፉ» ይላሉ። ያ በእረፍት ሰዓት ጨዋታ ሲያመጣ ጓደኞቹን በሳቅ የሚገድለው ልጅ አንገቱን ደፍቶ እስክሪብቶውን ያኝካል። አንዷ ደግሞ «በእኛ አካባቢ ብዙ ነገር አለ» ብላ ትጀምርና ሁለተኛውን ዓረፍተ ነገር ታጣዋለች። ደወል ይደወላል፤ ወረቀቱ ሦስት መስመር ይዞ ይሰበሰባል። ልጆቹ የሚሉት ነገር ጠፍቶባቸው ነው? በፍጹም! በመንገድ ላይ ስለ አካባቢያቸው ቢጠየቁ ሰዓት አይበቃቸውም። ችግሩ ሌላ ነው። የሚናገሩት በየቀኑ ነው፣ የሚጽፉት ግን ሲታዘዙ ብቻ ነው። በዓመት ሁለቴ ብቻ ኳስ የሚነካ ልጅ ጎል ባያገባ ማን ይፈርድበታል?

«ታዲያ ይሄ ከኤች አይ ቪ መከላከል ጋር ምን አገናኘው?» የሚል አንባቢ እንዳለ እገምታለሁ። ጥሩ ጥያቄ ነው። አብራችሁኝ ዝለቁ፣ መልሱን እናገኘዋለን።

አርአያው እዚሁ አለ

በአጅባር፣ በመካነ ሰላም፣ በወግዲና በአካባቢው የምትማሩ ልጆች ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልጋችሁም። በቦረና ምድር የሚገኘው ጋሥጫ የአባ ጊዮርጊስ ዘጋሥጫ አገር ነው። አባ ጊዮርጊስ በግእዝ ሥነ ጽሑፍ ከታላላቆቹ ደራስያን አንዱ ናቸው። «መጽሐፈ ምሥጢር» የተባለውን ትልቁን ሥራቸውን የጨረሱት በ1416 ዓ.ም. ነው። የእሳቸው ድርሰት የሚባለው የሰዓታት መጽሐፍ ደግሞ ቀኑንና ሌሊቱን በየሰዓቱ ከፍሎ ለእያንዳንዱ ሰዓት የራሱን ጸሎት የሚሰጥ ነው። ገድላቸው እንደሚተርከው በሐይቅ እስጢፋኖስ ትምህርት በጀመሩበት ወቅት ለዓመታት ትምህርቱ አልገባቸውም ነበር። ያ «አይገባውም» የተባለ ተማሪ ነው በኋላ ስሙ ስድስት መቶ ዓመት የተሻገረው።

በዚሁ በወሎ ደጋ የምትገኘው መቅደላም የምትነግረን አላት። ዐፄ ቴዎድሮስ ብዙ የብራና መጻሕፍትን እዚያ አሰባስበው ነበር። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ንጉሡ ካለፉ በኋላ የእንግሊዝ ጦር ከመጻሕፍቱ ብዙዎቹን በዝሆንና በበቅሎ ጭኖ ወስዷል። የንጉሡን ታሪክ ከጻፉት አንዱ አለቃ ዘነብ ይባላሉ። ዜና መዋዕል በግእዝ መጻፍ በተለመደበት ዘመን እሳቸው በአማርኛ፣ ሰው በየቀኑ በሚናገርበት ቋንቋ ጻፉት። ስለዚህ «እንደምናገረው ብጽፍ ያሳፍራል» ለምትሉ ሁሉ አለቃ ዘነብ መልስ ናቸው።

የወሎ ሼሆችና ዑለሞችም እንዲሁ አማርኛን በዐረብኛ ፊደል እየጻፉ መንዙማና ትምህርት አስተላልፈዋል። ይህ አጻጻፍ አጀሚ ይባላል። ቁርኣን የቀራችሁ ልጆች ደግሞ ሉሑን ታውቁታላችሁ። ትጽፉበታላችሁ፣ ትሸመድዱታላችሁ፣ ታጥቡታላችሁ፣ ነገ እንደገና ትጽፉበታላችሁ። ታጥቦ ለጠፋው ጽሑፍ የሚያለቅስ ተማሪ የለም፤ ፍሬው በልቡ ቀርቷልና። የዕለት ጽሑፍም እንደዚሁ ነው። ዛሬ የጻፋችሁት ገጽ ባያምር ግድ የለም። የሚቀረው ልምዱ ነው።

መጻፍ ምን ይጠቅመናል?

አንደኛ፣ እጅንና ቃልን ያፍታታል። በየቀኑ ግማሽ ገጽ የሚጽፍ ተማሪ በዓመት ውስጥ ከመቶ ሰማንያ ገጽ በላይ ጻፈ ማለት ነው። ይህን ያህል የተለማመደ ልጅ ፈተና ላይ «ምን ብዬ ልጀምር?» እያለ ሰዓት አያባክንም።

ሁለተኛ፣ ጭንቀትን ያቃልላል። በ1986 እ.ኤ.አ. ጄምስ ፔኒቤከር የተባሉ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪና ባልደረባቸው የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ለ4 ተከታታይ ቀናት፣ በቀን ለ15 ደቂቃ አጻፏቸው። ከፊሎቹ ልባቸውን ስላቆሰለው ነገር፣ ሌሎቹ ደግሞ ስለ ተራ ነገር ጻፉ። በቀጣዮቹ ወራት የልባቸውን ሐዘን ከነምክንያቱ የጻፉት ተማሪዎች ወደ ጤና ማዕከል የተመላለሱት ከሌሎቹ ባነሰ ጊዜ ነበር። በ2004 እ.ኤ.አ. ደግሞ በኒውዚላንድ ቫይረሱ በደማቸው ውስጥ በሚገኝ 37 ሰዎች ላይ ተመሳሳይ ጥናት ተደርጎ፣ ስለ ውስጣቸው የጻፉት ሰዎች የሲዲ ፎር ቁጥር መሻሻል አሳይቷል። ይህ ትንሽ ጥናት ነው። መጻፍ መድኃኒትን ይተካል ማለትም አይደለም፤ በፍጹም አይተካም። ግን ታምቆ የኖረ ነገር ወረቀት ላይ ሲወርድ ሸክሙ እንደሚቀል ያመለክታል።

ሦስተኛውና ለእኔ ትልቁ ጥቅም፣ ደብተር ለራሳችን እውነቱን ይነግረናል። እዚህ ላይ ከራሴ ሕይወት አንድ ነገር ላውጋችሁ።

በ1990ዎቹ መጀመሪያ ተማሪ ሳለሁ የፀረ ኤድስ ክበብ አባል ነበርኩ። ለሰልፍ ሰዓት አጫጭር ድራማ የምጽፈው እኔ ነበርኩ። በድራማዬ መጨረሻ ላይ ሁሌም «ከቫይረሱ ጋር የሚኖሩ ወገኖቻችንን አናግልል!» ይባልና ይጨበጨባል። በዚያው ጊዜ ደብተርም እይዝ ነበር። ከጎረቤታችን አንዲት እናት ነበሩ፤ ልጃቸው ከሩቅ አገር ደብዳቤ ሲልክላቸው ቡና አፍልተው ይጠሩኝና አነብላቸዋለሁ። በኋላ ታመሙ። ሰፈሩም በሹክሹክታ ያወራ ጀመር።

ከሁለት ዓመት በኋላ ዕቃ ስናራግፍ ያ ደብተር እጄ ገባና ገለጥኩት። በአንዱ ገጽ ላይ እንዲህ ይላል፦ «ዛሬ እትዬ ለቡና ጠርተውኝ አልሄድኩም። የቤት ሥራ አለብኝ አልኳቸው። የቤት ሥራ አልነበረኝም።» ከበላዩ ያለው ገጽ ላይ የዚያ ሳምንት ድራማ አለ፣ «አናግልል» የሚለው። ሁለቱንም የጻፈው አንድ እጅ ነው። ያንን ቀን እኔ ፈጽሞ ረስቼው ነበር። ደብተሩ ግን አልረሳም። እትዬ ያኔ አልፈው ነበር። ነጻው የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በአገራችን የተጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው፤ ለእሳቸው አልደረሰም።

ያ ገጽ ከሰማሁት ስብከት ሁሉ በላይ አስተምሮኛል። በሲኒ ሆነ በቡና ቫይረሱ እንደማይተላለፍ ያኔም በቃሌ አውቅ ነበር። ማወቄና ማድረጌ የተለያዩ መሆናቸውን ያየሁት ግን በራሴ የእጅ ጽሑፍ ነው።

መልሱን ቀድሞ መጻፍ

አሁን ወደዚያ ጥያቄ እንመለስ። ብዙዎቻችሁ ከገጠር መጥታችሁ፣ ከተማ ላይ ቤት ተከራይታችሁ፣ ስንቅ ከቤት እያመላለሳችሁ የምትማሩ ናችሁ። ወላጅ አጠገባችሁ የለም። የቤት ኪራይ ይደርሳል፣ ስንቅ ያልቃል። ልክ በዚህ ጊዜ «ኪራይሽን እኔ እችለዋለሁ» የሚል ሰው ይመጣል። ወንዱንም «ዛሬ ብቻ ቅመስ፣ ሴት ነህ እንዴ?» የሚል ጓደኛ አያጣውም። በዚያ ደቂቃ መልስ ማሰብ ይከብዳል። ምላስ ይተሳሰራል።

ቀድሞ የጻፈ ግን መልሱ አፉ ላይ ይሆናል። በደብተራችሁ ላይ ሦስት ነገር ጻፉ፦ ሊመጣብኝ የሚችለው ምንድን ነው? ምን ብዬ እመልሳለሁ? ለማን እነግራለሁ? ለምሳሌ «አመሰግናለሁ፣ ኪራዬን ቤተሰቦቼ ናቸው የሚከፍሉት። ወደ ቤት ልሂድበት።» አጭር ይሁን። ድምፃችሁን አውጥታችሁ አንብቡት። ጓደኛችሁንም አስጠኗት።

አንድ ነገር ግን በደንብ ይያዝ። በጉልበት ለሚደርስ ጥቃት ጥፋተኛው አጥቂው ነው እንጂ «መልስ ያላዘጋጀች» ልጅ አይደለችም። እንዲህ ያለ ነገር የደረሰባት ወይም የደረሰበት ሰው በተቻለ ፍጥነት፣ ቢዘገይ ግን ከ72 ሰዓት ሳያልፍ ወደ ጤና ተቋም መሄድ አለበት። ቫይረሱን የሚከላከል መድኃኒት አለ፣ የሚሠራውም ቶሎ ሲጀመር ነው።

እንዴት እንጀምር?

1. ጊዜና ቦታ ይኑረው። «ሲመቸኝ እጽፋለሁ» ማለት አልጽፍም ማለት ነው። በየቀኑ ከምታደርጉት ነገር ጋር እሰሩት፤ ከእራት በኋላ፣ ከብቶቹ ከገቡ በኋላ፣ ወይም ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ከመውጣት በፊት። የጤና ባለሙያዎች የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት ለሚወስዱ ሰዎች የሚሰጡት ምክርም ይኸው ነው። በየቀኑ በአንድ ሰዓት፣ ከታወቀ የዕለት ሥራ ጋር ይያያዝ ይላሉ። ልማድ የሚቆመው በዚህ መንገድ ነው።

2. ትንሽ ይሁን። አሥር ደቂቃ ወይም ግማሽ ገጽ ይበቃል። በመጀመሪያው ቀን አምስት ገጽ የጻፈ በአራተኛው ቀን ይሰለቻል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።

3. እየጻፋችሁ አትሰርዙ። ፊደሉ ተሳሳተ፣ ቃሉ አላማረም ብላችሁ አትቁሙ። ማረም ሌላ ቀን አለው። የሚጻፍ ከጠፋ «የምጽፈው ጠፋኝ» ብላችሁ ጻፉና ለምን እንደጠፋ ቀጥሉበት።

4. ወጪ አያስፈልግም። ባለ 50 ቅጠል አንድ ደብተር በቂ ነው። የአምናው ደብተር ያልተጻፈበት ገጽ ካለውም እሱ ይሆናል። መብራት ከሌለ ጀንበር ሳትጠልቅ ጻፉ። ሴት ልጆች ከትምህርት በኋላ ውሃው፣ ወጡ፣ እንጀራው እንደሚጠብቃችሁ እናውቃለን። አሥር ደቂቃ ግን መብታችሁ ነው። ለእናታችሁ ንገሯቸው፣ ወንድሞቻችሁም ሥራውን ያግዙ።

5. አንድ ቀን ቢያመልጣችሁ አትተዉት። በለንደን በ96 ሰዎች ላይ ተደርጎ በ2010 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት አንድ አዲስ ነገር ልማድ ለመሆን በአማካይ 66 ቀን እንደሚወስድ ያሳያል። ከሰው ሰው ግን ይለያያል፤ ከ18 እስከ 254 ቀን ድረስ ተገምቷል። አንድ ቀን መዝለል ልማዱን እንደማያፈርሰውም ታይቷል። መስከረም 20 የጀመረ ተማሪ ኅዳር 25 ላይ 66 ቀን ይሞላዋል። በየቀኑ በደብተሩ ጀርባ ላይ አንድ ጭረት አድርጉ፤ ጭረቶቹ ሲበዙ ራሳቸው ያበረታቷችኋል።

ምን እንጻፍ?

ለሳምንቱ ይህን ሞክሩ። ሰኞ፣ ዛሬ በዓይኔ ያየሁት አንድ ነገር። ማክሰኞ፣ የሰማሁት አንድ ንግግር። ረቡዕ፣ ያስቆጣኝ ወይም ያስፈራኝ ነገር። ሐሙስ፣ ከአያቶቼ ወይም ከአንድ ሽማግሌ የጠየቅሁት ታሪክ። ዓርብ፣ ከዚህ ቀጥሎ የምነግራችሁ ባለ ሁለት ረድፍ ገጽ። ቅዳሜ፣ ስለ ወደፊቱ ሕይወቴ። እሑድ አዲስ ነገር አይጻፍም። የሳምንቱን አንብባችሁ አንዱን ብቻ ታርማላችሁ።

የዓርቡ ገጽ እንዲህ ነው። ገጹን በመሐል አስምሩት። በግራ «የሰማሁት»፣ በቀኝ «ያጣራሁት» በሉት። በግራ በኩል በሰፈርና በትምህርት ቤት ስለ ኤች አይ ቪ የሚወራውን ጻፉ። ከዚያ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን፣ ጤና ጣቢያውን ወይም የባዮሎጂ መምህራችሁን ጠይቃችሁ የቀኙን ሙሉ። «በትንኝ ይተላለፋል» ለሚለው በቀኝ «አይተላለፍም» ይገባል። «ቫይረሱ ያለባት እናት ጤናማ ልጅ አትወልድም» ለሚለው «ክትትልና መድኃኒት ካገኘች ልትወልድ ትችላለች» ይጻፋል። «መድኃኒት ብትወስድም ያው ታስተላልፋለህ» ለሚለው ደግሞ «መድኃኒቱን በትክክል ወስዶ የቫይረሱ መጠን በምርመራ የማይታይ ደረጃ የደረሰና በዚያው የቆየ ሰው በግብረ ሥጋ ግንኙነት አያስተላልፍም» ይሆናል። የቀኙ ረድፍ ባዶ ሆኖ የቀረበት ወሬ ካለ ለሰው አታውሩት።

ማረም እንዴት ነው?

ከከተማ ኪራይ ቤቱ የተመለሰ አንድ ተማሪ እንዲህ ጻፈ እንበል፦

«ዛሬ ከቤተሰብ ወደ ከተማ ተመለስኩ። መንገዱ ከባድ ነበር። በጣም ደከመኝ።»

ስህተት የለውም። ግን መንገዱን አየነው? አላየንም። እሑድ ቁጭ ብሎ «ከባድ ነበር ስል ምን አይቼ ነው?» ብሎ ራሱን ጠየቀና እንዲህ አረመው፦

«ከቤት የወጣሁት ጎህ ሳይቀድ ነው። እናቴ የሳምንቱን ስንቅ፣ ቆሎውንና የገብስ ዳቦውን፣ በከረጢት ቋጥራ አሸከመችኝ። ዳገቱ ላይ ጉሙ ወርዶ ስለነበር ከፊቴ ያለውን ልጅ የማውቀው በሳሉ ብቻ ነበር። ከተማ ስደርስ የጫማዬ ጭቃ ከጫማዬ ይከብዳል።»

ልዩነቱን አያችሁት? አንድም ከባድ ቃል አልጨመረም። «ከባድ» የሚለውን አውጥቶ ያየውን አስገባ። የመጻፍ ችሎታ የሚባለው በአብዛኛው ይኸው ነው።

የሰው ምሥጢር የሰው ነው

ደብተራችሁ የግላችሁ ነው፤ በሚቆለፍ ሣጥን ወይም በማይታይ ቦታ አስቀምጡት። የጓደኛን ደብተር ሳያስፈቅዱ ማንበብም ነውር ነው። ከሁሉም በላይ፣ የሌላን ሰው የምርመራ ውጤት ወይም የጤና ጉዳይ በስሙ አትጻፉ። ወረቀት ይወድቃል፣ ሰው ያነሳዋል፤ በአንድ መስመር ምክንያት ትምህርት የሚያቋርጥ፣ ከቤት የሚባረር ሊኖር ይችላል። ስለ ራሱ መናገር ያለበት ባለቤቱ ነው። በ1990ዎቹ ማብቂያ ላይ «ቤተኛ» የተባለ የሬዲዮ ዝግጅት ከቫይረሱ ጋር የሚኖሩ ሰዎች የዕለት ውሏቸውን በራሳቸው አንደበት እንዲተርኩ አድርጎ ነበር። አድማጩ «እነሱ» ይላቸው የነበሩት ሰዎች ኪራይ የሚያሳስባቸው፣ የሚያፈቅሩ፣ የሚስቁ ሰዎች ሆነው አገኛቸው። ሌላ ሰው ስለ እነሱ ቢናገር ኖሮ ያን ያህል ባልገባን ነበር።

በክበባችሁም ልማዱን አብራችሁ ያዙት። አምስት ስድስት ሆናችሁ በሳምንት አንድ ቀን ተሰብሰቡ። ማንበብ የፈለገ አንድ አንቀጽ ያንብብ፣ ያልፈለገ ያዳምጥ። የተሻለው ለሚኒ ሚዲያ ወይም ለግድግዳ ጋዜጣ ይሁን። የጥያቄ ሣጥን ከሌላችሁ ከካርቶን ሥሩ። በአፍ የማይጠየቅ ጥያቄ ስም በሌለው ቁራጭ ወረቀት ይጠየቃል። አንዲት ልጅ ፈርታ ያልጠየቀችው ጥያቄ ሕይወቷን ሊያስከፍላት ይችላል።

በሉ እንግዲህ! «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይላሉ አባቶቻችን። ነገ አይደለም፣ ዛሬ ማታ ጀምሩ። መጀመሪያው ከከበዳችሁ ከእነዚህ አንዱን ውሰዱ፦ «ዛሬ ለማንም ያልነገርኩት ነገር…»፣ «ቤታችን በር ላይ ቆሜ የማየው…»፣ «ዛሬ ያልሄድኩበት ቤት…»። ቀኑን ከላይ ጻፉ፣ አሥር ደቂቃ ያዙ፣ አታቁሙ።

ከሁለት ዓመት በኋላ ስትገልጡት ምን ታነቡ ይሆን? መልካሙን ያስነብባችሁ። ቸር እንሰንብት!